አርባ ኮፒ

«እስቲ አንድ ሰው ከራሳችን ክፍል ምሳሌ ይስጠኝ» አለ የእንግሊዝኛ መምህሩ፣ ጠመኔውን በጣቶቹ መካከል እያሽከረከረ። ሰሌዳውን በሦስት ከፍሎታል። በአንደኛው ዓምድ «እውነት»፣ በሁለተኛው «ሐሰት»፣ በሦስተኛው «አልተጠቀሰም» የሚል በትልልቅ የእንግሊዝኛ ፊደላት ጽፏል። ጊዜው ከሰዓት በኋላ ነው፤ ፀሐዩ በመስኮት ገብቶ ግማሹን ክፍል አስተኝቶታል።

ዶክተሬ እጇን አወጣች። ዶክተሬ ያላት አባቷ ነው፤ ገና አፏን ሳትፈታ «ሐኪም ትሆናለች» ብሎ ወስኖላት፣ አሁን መምህራኑ ሳይቀሩ በዚሁ ነው የሚጠሯት። ተነስታ ቀሚሷን አስተካከለችና ጥርት ባለ ድምፅ፣

«የኮፒ አባት ሹፌር ነው» አለች። ከዚያ ወደ ክፍሉ ዞር ብላ ቅንድቧን ከፍ አደረገች። «እውነት ነው ሐሰት?»

ከኋላ ወንበር አንዱ ቶሎ ገባውና «አልተጠቀሰም!» ብሎ ጮኸ። ከዚያማ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። የተኙት ሁሉ ነቁ፤ ያልገባቸው ጎረቤታቸውን ጠይቀው፣ ገብቷቸው፣ እንደገና ሳቁ።

መምህሩም ሳቀ። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። ከሁለት ሳምንት ልፋት በኋላ አንድ ሰው ትምህርቱን ስለተረዳለት ደስ ብሎት ነው። «ትክክል! ግሩም ምሳሌ!» ብሎ በሦስተኛው ዓምድ ሥር የራይት ምልክት አደረገ።

ኮፒም ሳቀች። እንዲህ ባለ ጊዜ ካልሳቁ ይብሳል፤ ይህን ከአራተኛ ክፍል ጀምሮ ታውቀዋለች። ዓይኗን ግን ሰሌዳው ላይ ካለው የራይት ምልክት መንቀል አቅቷት እስከ ደወል ድረስ እሱኑ ስታይ ቆየች።

ኮፒ የሚሏት እናቷ ከትምህርት ቤቱ በር ፊት ለፊት ፎቶ ኮፒ ቤት ስለምትሠራ ነው። ስሙን ለምዳዋለች። የአባቷን ነገር ክፍሉ ሁሉ ይጠረጥራል፤ በእርግጠኝነት የምታውቀው ግን ዶክተሬ ብቻ ነበረች። ባለፈው ዓመት ዝናብ ይዟቸው ከሱቁ ጀርባ ተጠግተው ሳለ፣ «ማን እንደሆነ እኔም አላውቅም። የምዝገባ ወረቀቴ ላይ ቦታው ባዶ ነው። እማን ስጠይቃት ዞር ብላ ወረቀት ታስተካክላለች» ብላ የነገረቻት ራሷ ናት። ዶክተሬ ያን ቀን አቅፋት አልቅሳ ነበር። ሆድ ይፍጀው ማለት ያኔ ነበር እንጂ! አፍ ሲያመልጥና ራስ ሲመለጥ አይታወቅም።

ከክፍል ሲወጡ ዶክተሬ ክንዷን ያዘቻት። «ተቀየምሽ እንዴ? ሙድ እኮ ነው። ፈታ በይ በናትሽ!»

«አልተቀየምኩም» አለች ኮፒ። የዋሸችው ክንዷ ስለተያዘ ነው፤ ክንዷ ባይያዝም ግን መዋሸቷ አይቀርም ነበር።

ለመኳረፍ ጊዜ አልነበረማ። የመግቢያ ፈተናው ስምንት ቀን ቀርቶታል። ኮረብታው ላይ ያለው አዳሪ ትምህርት ቤት ከእነሱ ክፍል የሚወስደው ስድስት ተማሪ ብቻ ነው፤ ያበላል፣ ያስተኛል፣ ያስተምራል። በሌላው ትምህርት ሁሉም ተቀራራቢ ስለሆነ የሚያልፈውንና የሚቀረውን የሚለየው የእንግሊዝኛ ንባብ ነበር። ኮፒ ያንን ትምህርት ቤት ትፈልገዋለች ማለት አይበቃም፤ በሕልሟም በውኗም እሱ ነው። የራሷ አልጋ ይኖራታል። ቤተ መጻሕፍቱ ከዳር እስከ ዳር የሚነበብ ገጽ ያላቸው መጻሕፍት አሉት። ከሁሉም በላይ ደግሞ እዚያ ኮፒ ብሎ የሚጠራት ሰው የለም።

ለዚህ ፈተና ሦስት ሆነው ነው ዓመቱን ሙሉ ያጠኑት፤ ዶክተሬ፣ ኮፒና ረጅሙ የሚሉት ልጅ። ዘዴውን ያመጣችው ዶክተሬ ናት። «ሁላችንም በሁሉም ላይ ለምን እንሞታለን? ጥያቄው ዓይነት ዓይነት አለው፤ እንከፋፈለው» አለች። ለእያንዳንዱ አንቀጽ የሚስማማውን ርዕስ መርጦ ማዛመድ የእሷ ድርሻ ሆነ። የቃላት ፍቺና ባዶ ቦታ መሙላት የረጅሙ። እውነት፣ ሐሰት፣ አልተጠቀሰም የሚለውን ማንም አልፈለገውም፤ ስለዚህ ለኮፒ ተጣለ። የስም ጥሪ ቁጥራቸው ተከታታይ ስለሆነ በፈተና ጊዜ ጎን ለጎን ነው የሚቀመጡት። ዶክተሬ ጣቶቿን ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ትዘረጋለች፤ የጣቱ ቁጥር የርዕሱ ቁጥር ነው። ረጅሙ በእርሳሱ ይጠቁማል። ኮፒ ደግሞ ጆሮዋን ከነካች እውነት፣ አፍንጫዋን ከነካች ሐሰት፣ አንገቷን ካሻሸች አልተጠቀሰም ማለት ነው። ሦስቱ ቢደመሩ አንድ ጎበዝ ተማሪ ይወጣቸዋል። ነጥለው ሲያዩዋቸው ግን እያንዳንዳቸው ሲሶ ነበሩ፤ ይህንን ደግሞ ማንም አላሰበበትም።

ኮፒ የደረሳትን የጥያቄ ዓይነት የተካነችው በማሽኑ ነው። እናቷ የድሮ ፈተናዎችን ስታባዛ የተበላሹትን ሰብስባ ትሰጣታለች። ቀለሙ ሊያልቅ ሲል ማሽኑ ከገጹ መሃል ሦስት አራት መስመር ይውጣል። ኮፒ መጀመሪያ ላይ የጎደለውን እየገመተች ትመልስ ነበር፤ ሁልጊዜም ትሳሳት ነበር። በኋላ ግን ያላየችውን አየሁ አለማለትን ተማረች። ብዙ ልጆች በምንባቡ ውስጥ የሌለውን ነገር «ሐሰት» ይላሉ፣ ወይም እነሱ ስለመሰላቸው «እውነት» ይላሉ። እሷ የተጻፈውንና በራሷ ጭንቅላት ውስጥ ያለውን ለይታ ታያለች። በመጨረሻው ሙከራ ፈተና ከአርባ ሠላሳ ስምንት አምጥታ ዶክተሬን በሁለት በለጠቻት፤ መምህሩም ይህንን በክፍሉ ፊት ተናገረ። ዶክተሬ ያኔ አጨበጨበች። የኮፒ አባት ምሳሌ የመጣው ከሦስት ቀን በኋላ ነው።

መምህሩ በምሳሌው በጣም ስለተደሰተ የቤት ሥራ ሰጠ። እያንዳንዱ ተማሪ አጭር ምንባብ ይጽፋል፣ አሥር የእውነት፣ ሐሰት፣ አልተጠቀሰም ጥያቄ ያወጣል። ወረቀቶቹን ሰበሰበ፣ ከላይ ከላይ አያቸው፣ የእጅ ጽሑፏ የሚያምረውን መረጠ። «ዶክተሬ፣ ያንቺን ለክፍሉ ሁሉ አባዥው። ረቡዕ ይሠሩታል፤ ሐሙስ ፈተና ነው» አላት።

ማክሰኞ ከትምህርት በኋላ ኮፒ ወደ ሱቁ ገባች። ሱቁ ጠባብ ነው፤ ሁለት ሰው ከቆመ ሦስተኛው ደጅ ይጠብቃል። ከፊት ለፊት መስታወት፣ ከግድግዳው ጥግ የወረቀት መቁረጫ፣ መሃል ላይ እናቷ «ሽማግሌው» የምትለው ማሽን አለ። ሲሞቅ ያቃስታል፤ እናቷም ትመልስለታለች።

«መጣሽልኝ የኔ ልጅ! ያቺ ዶክተር ጓደኛሽ ምን የመሰለ ሥራ ሠርታ መጣች መሰለሽ!» አለች እናቷ፣ ጥቁር ቀለም የነካውን እጇን በጨርቅ እየጠረገች። «ለክፍላችሁ መለማመጃ። ራሷ ነው የጻፈችው ሁሉንም፤ በእንግሊዝኛ! አርባ ኮፒ። እትዬ፣ እንዲያምር አድርገሽ ሥሪልኝ አለችኝ። ለልጄ ክፍል ሆኖማ ገንዘብ አልቀበልም ብዬ መለስኳት። ስቴፕሉንም ሁለት ሁለት ነው የመታሁት። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ አይገነጠልም በቃ።»

«ጎበዝ» አለች ኮፒ ቦርሳዋን እያወረደች።

«ሁለቱን ሽማግሌው አበላሽቶብኛል። ለአንቺ አስቀምጬልሻለሁ፤ ቀድመሽ ተለማመጂበት።»

ኮፒ ከካርቶኑ ውስጥ ወረቀቱን አነሳች። ከታች በኩል ትንሽ ደብዝዟል እንጂ ይነበባል። ቆማ አነበበችው።

«ኮፒ ከእናቷ ጋር ትኖራለች» ይላል ምንባቡ። «እናቷ ቀኑን ሙሉ ማሽን ፊት ቆማ የሰው ጽሑፍ ታባዛለች። የምታባዛውን ግን አታነበውም። ኮፒ ቁርጥ እናቷን ናት፤ ያው ፊት፣ ያው ጫማ። እያንዳንዱ ኮፒ ኦሪጅናል አለው። የኮፒ ኦሪጅናል ግን ጠፍቷል። ከየትኛው ኦሪጅናል እንደተነሳች እናቷ ረስታለች።» ከሥሩ አሥር ጥያቄዎች ተደርድረዋል። ሦስተኛው፣ የኮፒ አባት ልጁን አይቶ ሸሸ። አምስተኛው፣ የኮፒ እናት ማንበብ አትችልም። ስምንተኛው፣ ኮፒ በእናቷ ታፍራለች።

ኮፒ የወረቀት መቁረጫውን ጠርዝ ያዘች። እናቷ ይህንን አርባ ጊዜ አባዝታዋለች፤ ጠርዙን አስተካክላ፣ ሁለት ሁለት ስቴፕል መትታ፣ በነጻ፣ መርቃ ሰጥታለች። አማርኛውን እንደ ውኃ የምታነበው እናቷ፣ ከእንግሊዝኛው ግን ፊደሉን እንጂ ቃሉን አታውቅም።

«ምን ይላል?» አለች እናቷ ከማሽኑ ሳትዞር።

«ስለ አንዲት ልጅና ስለ እናቷ ነው።»

«እሰይ! እናት ያለችበት ነገር ደስ ይለኛል። ምን ትሠራለች እናትየው?»

«ቆማ ትውላለች።»

«እንደኔ ናታ!» ብላ ሳቀች። «ልጅቷስ? መጨረሻዋ አማረላት?»

«አልተጠቀሰም።»

«ኧረ ምን ዓይነት ነገር ነው! ጀምሮ መተው ምን ይባላል? ለዶክተር ንገሪያት፣ መጨረሻውን ትጻፍበት።» ሽማግሌው አቃሰተ። «አንተ ደግሞ ዝም በል፤ ማንም አልጠየቀህም» አለችው።

ኮፒ ወረቀቱን አጣጥፋ ጫማዋ ውስጥ ከተተችው። ለምን እዚያ እንደከተተችው ራሷም አላወቀችም።

በማግስቱ ረቡዕ ወረቀቶቹ ታደሉ። ሳቁ ከፊት ወንበር ተነስቶ እንደ ሳል ወደኋላ ተላለፈ። አንዳንዱ ደብተሩን አፉ ላይ አድርጎ ይስቃል፣ አንዳንዱ ዞሮ ጫማዋን ያያል። ረጅሙ አንገቱን ደፍቶ ነበር፤ ትከሻው ግን ይንቀጠቀጣል። መምህሩ ወረቀቱን ለመጀመሪያ ጊዜ ያነበበው ያኔ ነው። ሁለተኛው መስመር ላይ ሲደርስ ፊቱ ተለወጠ። ኮፒ አየችው። «አቁሙ» ሊል ነው ብላ ጠበቀች፤ እውነቷን ነው፣ ከልቧ ጠበቀች። መምህሩ ሰዓቱን አየና፣

«እሺ… አሥር ደቂቃ አላችሁ» አለ።

ኮፒ እስክሪብቶዋን አወጣችና እንደማንኛውም ምንባብ ሠራችው። የተጻፈውን አየች፣ ያልተጻፈውን ተወች። አሥር ደቂቃው ሲያልቅ መምህሩ የዶክተሬን የመልስ ዝርዝር ይዞ፣ ዓይኑን ከወረቀቱ ሳያነሳ ቶሎ ቶሎ ማንበብ ጀመረ። «አንድ፣ እውነት። ሁለት፣ ሐሰት። ሦስት፣ እውነት…»

አሥሩም ተነብበው ሲያልቁ ኮፒ እጇን አወጣች።

«ሦስተኛው ተሳስቷል፣ ቲቸር። ኦሪጅናሉ ጠፍቷል ይላል እንጂ ሸሸ አይልም። ልጁን አይቶም አላየም የሚል ቃል የለም። መልሱ አልተጠቀሰም ነው።»

መምህሩ ምንባቡን አየ። «ልክ… ልክ ነሽ» አለ።

«አምስተኛውም ተሳስቷል። የምታባዛውን አታነበውም ይላል፤ ማንበብ አትችልም አይልም። ስምንተኛውም እንደዚያው። ታፍራለች የሚል የትም የለም። ሦስቱም አልተጠቀሰም ነው።»

«ዶክተሬ በራሷ ፈተና ወደቀች!» አለ ያ የኋላ ወንበር ልጅ፣ ክፍሉም እንደገና ሳቀ። ለዚህ ክፍል በማን እንደሚስቅ ለውጥ የለውም። ዶክተሬ እስከ ጆሮዋ ቀላች። ጉድና ጅራት ከወደኋላ ነው። መምህሩ ወረቀቱን አጣጥፎ ኪሱ ከተተና «ያው ቀልድ ቢጤ ነው። ነገ ፈተና ነው፤ በጊዜ ተኙ» ብሎ ደወሉ ሳይደወል ወጣ።

ረጅሙ በሩ ላይ ጠበቃት። «እኔ አልሳቅኩም» አላት።

«ስቀሃል። ትከሻህን አየሁት።»

«ትንሽ ነው የሳቅኩት» አለ፣ መሬት መሬቱን እያየ። ረጅሙ ክፉ ልጅ አይደለም፤ የሚያናድደውም ይኸው ነው።

ዶክተሬ መጣች። ፊቷን ታጥባለች፤ ፈገግታዋም ተመልሷል። «ቀልዱ በዛ መሰለኝ፤ በቃ ይለፍ» አለች። «እኔም ተዋርጃለሁ፤ ተካክሰናል። ነገ ግን እንደ ወትሯችን ነው፣ አይደል? ጆሮ፣ አፍንጫ፣ አንገት። እሺ ኮፒዬ?»

ኮፒ አየቻት። በዚያ ዝናብ ቀን ያቀፈቻት ልጅ ናት፤ ዓይኗም፣ ፀጉሯም፣ ሁሉም ነገሯ ያው ነው። ቦርሳዋን አነሳችና ምንም ሳትናገር ሄደች።

«እሺ ብላለች» ስትል ሰማቻት ለረጅሙ፤ «እሷ በክፉ ቀን ሰው አትጥልም።»

ሐሙስ ጠዋት የፈተናው አዳራሽ ቀዝቃዛ ነበር። ጠረጴዛዎቹ ተራርቀው ተደርድረዋል፤ ዶክተሬ በግራ፣ ኮፒ መሃል፣ ረጅሙ በቀኝ። ወፍራም ሹራብ የለበሰች ፈታኝ ወረቀቱን ፊቱን ደፍታ አደለች። «ዙሩት» ስትል ሃምሳ ወረቀት በአንዴ ተገለበጠ።

ርዕስ ማዛመድ ቀድሞ መጣ፤ አሥር ጥያቄ ነው። ከደቂቃዎች በኋላ የዶክተሬ ጣቶች ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ወጡ። ሦስት። ትንሽ ቆይተው ሰባት። ኮፒ ከዓይኗ ጥግ አየቻቸው። ዓመቱን ሙሉ አንድም ቀን ርዕስ ማዛመድ ተለማምዳ አታውቅም። አሥር ጥያቄ ከአርባ! ብታይ ይሰጣታል፤ ካየች ግን መስጠት አለባት። የተዋዋሉት እንደዚያ ነው። ፀጉሯን ከጆሮዋ ጀርባ አውጥታ በግራ ጉንጯ ላይ ለቀቀችውና ወደ ምንባቡ አጎነበሰች።

አንቀጾቹን አንድ በአንድ አነበበች። አንድ ርዕስ በጣም የሚስማማ መሰላት፤ ቃሉ አንቀጹ ውስጥ ቁልጭ ብሎ ተጽፏል። ግን አንድ ጊዜ ብቻ ነው የተጻፈው። አንቀጹ የሚያወራው ስለ ሌላ ነገር ነው። ተወችው። ወጥመዱ የት እንደተዘረጋ ሲገባት ትንሽ ተነፈሰች። ስምንቱን በራሷ ሠራች። ሁለቱ አጠራጠሯት፤ ደጋግማ አነበበቻቸው፣ አሁንም አጠራጠሯት፣ ያም ሆኖ መርጣ አለፈች። የረጅሙንም እርሳስ አላየችም። ቃላቱ ላይ ጊዜ ፈጀች፤ ሦስቱን በግምት ነው የሞላችው።

ከዚያ እውነት፣ ሐሰት፣ አልተጠቀሰም መጣ። አሥራ አምስት ጥያቄ። ይሄማ ቤቷ ነው። ሃያ ደቂቃ ሲቀር ሁሉንም ጨርሳ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

ዶክተሬ «እህ፣ እህ» ብላ ሳለች። ይሄም ከምልክቶቻቸው አንዱ ነው፤ «እየጠበቅን ነው» ማለት ነው። ኮፒ ሁለት እጆቿን ዘርግታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ዶክተሬ እንደገና ሳለች፣ እንደገና። ፈታኟ መጣችና «ውኃ ልስጥሽ የኔ ልጅ?» አለቻት። ዶክተሬ ውኃውን ጠጣች፤ ምን ታድርግ።

ያኔ የኮፒን ጆሮ በላት። ከምር በላት፤ ጉንዳን የገባበት ያህል። አንዴ ብታከው ዶክተሬና ረጅሙ ተስገብግበው «እውነት» ብለው ይጽፋሉ። ጥርሷን ነከሰች። ማሳሳት አማራት፤ አሥራ አምስቱንም ጊዜ አፍንጫዋን ብትነካ ማን ይከሳታል? እጇ ትንሽ ተነሳ። መልሳ አወረደችው። የእሷ ድርሻ ያልተጻፈውን አለማንበብ ነው፤ ሐሰት መጻፍ የዶክተሬ ሥራ ነው።

ከቀኝ በኩል ሹክሹክታ መጣ። «በናትሽ» አለ ረጅሙ።

ዞራ አየችው። ፊቱ ወዝቷል፣ አሥራ አምስቱም ቦታ ባዶ ነው። አዘነችለት። በእርግጥ አዘነችለት። ግን ከሁሉም ልመና መርጦ በናትሽ አላት፤ እሷም እናቷን አየቻት፣ ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ እያንኳኳች ጠርዙን ስታስተካክል፣ ስቴፕሉን ሁለት ሁለት ስትመታ። አርባ ጊዜ። ኮፒ ፊቷን መለሰች። እጆቿ ከጠረጴዛው አልተነሱም። ትንሽ ቆይቶ የረጅሙ እርሳስ ቶሎ ቶሎ ሲሄድ ሰማች። ምንባቡን ሳያይ፣ እውነት፣ ሐሰት፣ አልተጠቀሰም፣ እውነት፣ ሐሰት፣ አልተጠቀሰም እያለ በተራ ነበር የሚሞላው።

ኮሪደሩ ላይ ዶክተሬ ሮጣ ደረሰችባት። «ምነው፣ እጅሽ ተሰበረ? እሺ ብለሽኝ!»

«አላልኩም።»

«እምቢም አላልሽም!»

«እሱም ልክ ነው።»

«አንቺ እኮ… አባቴ ምን እንደሚያደርገኝ ታውቂያለሽ? አስቀድሞ ለዘመድ ሁሉ አውርቷል። ምን ልበለው? ምን ልበለው አሁን?» ዶክተሬ ግድግዳውን ተደግፋ አለቀሰች፤ ይሄኛው ልቅሶ ከዝናቡ ቀን ልቅሶ የተለየ ነበር፤ አፍንጫዋ ሁሉ ፈሰሰ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን የጣለችው ራሷ ናት።

ኮፒ ደስ አላት። ዋሽቶ ምን ይደረጋል፣ ደስ አላት። ደስታው ግን ደረጃውን ወርዳ እስክትጨርስ ብቻ ነው የቆየው። ከዚያ በኋላ የቀሯት ሁለቱ አጠራጣሪ ርዕሶች፣ በግምት የሞላቻቸው ሦስት ቃላትና የሚያቃጥል ጆሮ ብቻ ነበሩ።

መንገዱን ተሻግራ ሱቁ ፊት ስትደርስ ቆመች።

መስታወቱ ላይ፣ ከውስጥ በኩል፣ በአራት ማዕዘኑ በፕላስተር ተጣብቆ ወረቀቱ አለ። ንጹሕ፣ ጥቁርና ነጩ ጥርት ያለ። ከሥሩ እናቷ በአማርኛ፣ በትልቁ፣ «እንዲህ አድርገን እናባዛለን» ብላ ጽፋበታለች።

«እንዴት ነበር? ሠራሽ? ተሳካልሽ?» እናቷ ከማሽኑ ጀርባ ብቅ አለች። «አየሽው? አንዱን ለራሴ አስቀርቼው ነበር። በዕድሜዬ እንዲህ ጠርቶ የወጣልኝ የለም። ጠዋት ነው የለጠፍኩት፤ ስንት ሰው ቆሞ አየው መሰለሽ! አንድ ሰውዬማ ከላይ እስከ ታች አንብቦ ስቆ ስቆ ሊሞት። ጓደኛውንም ጠርቶ አሳየው። የዶክተርን ጽሑፍ ወዶት ነው፤ ቀልድ አለበት መሰለኝ። አለበት እንዴ?»

ኮፒ ወረቀቱን አየች። ገንጥላው «አርጅቷል እማ፣ ሌላ እንለጥፋለን» ልትል ትችላለች። እናቷ ታምናታለች፤ እናቷ ሁልጊዜ ታምናታለች። ከነገ ወዲያ ሌላ ሰው ሌላ ወረቀት ይዞ ይመጣል፣ እናቷም ጠርዙን አስተካክላ ታባዛለታለች። ኮፒ ማክሰኞ ዕለት ዝም ያለችው ለእናቷ አዝና እንደሆነ ነበር ለራሷ የነገረችው። አሁን ግን ስምንተኛው ጥያቄ ከመስታወቱ ውስጥ ያያት ነበር፣ ለእሱም ከምንባቡ ውጭ ሌላ መልስ እንዳለ ታውቃለች። የዛሬ ዓመት፣ የወላጆች ስብሰባ ቀን፣ ቀለም የነካ እጇን ሰው እንዳያይባት እናቷን «ባትመጪም ይሆናል» ብላት ነበር።

ፕላስተሩን በጥፍሯ ከአራቱም ማዕዘን ላጠች። ወረቀቱ ሳይቀደድ ወጣ።

«ምነው አነሳሽው?» አለች እናቷ።

«እማ፣ ሽማግሌውን አጥፊውና ተቀመጪ። ላነብልሽ ነው።»

«ያንን የልጅቷንና የእናቷን ታሪክ? ነገርሽኝ እኮ።»

«አልነገርኩሽም። ስለ እኛ ነው።»

እናቷ ፊቷን አየቻት። ከዚያ የልጇን ጫማ አየች፤ ለምን እንደሆነ እንጃ። እጇን በጨርቁ ጠረገች፣ ቀስ ብላ፣ ጣት በጣት። ማሽኑን አጠፋችው። ሱቁ ውስጥ እንዲህ ያለ ጸጥታ ኮፒ ሰምታ አታውቅም። እናቷ የወረቀት ካርቶኑ ላይ ተቀመጠችና «አንብቢ» አለች።

ኮፒ አጠገቧ ተቀመጠች። ስምንተኛው ላይ ስትደርስ ድምጿ እንዳይከዳት ከአሁኑ ትንፋሿን ሰበሰበች። ከዚያ ጣቷን ከመጀመሪያው መስመር ላይ አድርጋ፣ መጀመሪያ በእንግሊዝኛ፣ ቀጥላ በአማርኛ፣ አንድም ቃል ሳትዘል ማንበብ ጀመረች።